የጣና መርከብ፣ የዌምብሊ መርዶ

አባቴን ስለ ጦርነቱ ብትጠይቁት የሚያወራችሁ ስለ መርከቧ ነው። ማን አሸነፈ፣ ማን ሸሸ፣ ለሱ ጉዳዩ አይደለም። መርከቧ ምን እንደተጫነባት፣ የቱ ቧንቧዋ እንደፈነዳ፣ በምን እንደደፈነው፣ ይኸው ነው የሱ ታሪክ። እናቴ ካረፈች በኋላ ከባሕር ዳር አምጥቼው እዚህ ለንደን፣ ሃርልስደን ከኔ ጋር መኖር ከጀመረ ወዲህ ይህን ወሬ ስንቴ እንደሰማሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ባስ ነጂ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የተሳፋሪ ንዝንዝ ስሰማ ውዬ ቤት ስገባ ደግሞ የቦይለር ንዝንዝ ይጠብቀኛል። «አባዬ፣ በሞቴ ዛሬ እንኳ ሌላ ነገር እናውራ» እለዋለሁ። «እሺ» ይላል። ሻዩን ፉት ይልና «እንግዲህ ያን ጊዜ ማገዶ ጠፋ…» ብሎ ካቆመበት ይቀጥላል።

ኦፍ በምሆንበት ቀን ካናሉ ዳር፣ ጀልባ የሚሄድበት ቦይ ጋ አወጣዋለሁ። ልቡ ስለደከመ ሐኪሙ ተራመድ ብሎታል። እሱ ግን የሚራመደው ከጀልባ ወደ ጀልባ ነው። ካናሉ ላይ በየጥጉ የታሰሩትን፣ ሰው የሚኖርባቸውን ቀጫጭን ጀልባዎች እያየ ራሱን ይነቀንቃል። የአንዱን ፈረንጅ ሞተር ቆም ብሎ ካዳመጠለት በኋላ «ይህችን ጀልባ ዘይት አጠጣት በይልኝ» አለኝ። እኔ ደግሞ በሰው ንብረት ምን አግብቶኝ! «ጀልባህ ታምራለች ይልሃል አባቴ» ብዬ ተረጎምኩለት። ፈረንጁ ደስ ብሎት እጁን አውለበለበ፤ አባቴም ምክሩ የተሰማለት መስሎት ኮራ።

መርከብ ስላት ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። እኛ አገር ከታንኳ ትንሽ ሰፋ ያለ ነገር ሁሉ መርከብ ነው። ጣሊያን በቁርጥራጭ በመኪና ጭኖ አምጥቶ ጣና ዳር የገጣጠማት፣ በእንፋሎት የምትሄድ፣ ማገዶ የምትበላ የብረት ጀልባ ነበረች። ጣሊያን ሲሄድ እሷ ቀረች። ከዚያ የገበሬና የነጋዴ ሆነች፤ ከጎርጎራ ጤፍና ኑግ፣ ከዘጌ ቡና፣ ከቁንዝላ በሬ ሳይቀር ጭናለች። በበዓል ሰሞን ገዳም ተሳላሚ ይሞላባታል። አንድ ጊዜ ሙሽሮችን ከነሚዜዎቻቸው ጭና ስትሄድ ማዕበል ተነሥቶ ሙሽራዋ ቬሏ ላይ አስታወከች ብሎ አባቴ እስከ ዛሬ ይስቃል። እኔም ልጅ ሆኜ ተሳፍሬባታለሁ። ትዝ የሚለኝ የእንጨት ወንበሯ ነው። ስንት ዘመን ሰው ተቀምጦበት ከመለስለሱ የተነሣ መርከቧ ዘንበል ባለች ቁጥር ከዳር እስከ ዳር እንንሸራተትበት ነበር።

አባቴ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ የቦይለሯ ሰው ነው። እሳት ማንደድ፣ ውኃ መጨመር፣ እንፋሎቷን መጠበቅ የሱ ሥራ ነበር። በኋላ በናፍጣ የሚሄዱ ጀልባዎች ሲመጡ እሷ ወደብ ጥግ ታስራ የወፍ መቀመጫ ሆነች። እሱም ወደ ናፍጣዎቹ ተዛወረ። እሑድ እሑድ ግን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎራ ይልና ይወለውላት ነበር። እናቴ «ውሽማህ ጋ ሄደህ መጣህ?» ትለዋለች።

ከዚያ ጦርነቱ ወደ ጣና ቀረበ። ናፍጣው ሁሉ ለታንክ ሄደ፣ ጀልባዎቹ ቆሙ። አንድ መኮንን ወደብ መጥቶ ያቺን አሮጊት አየና «ይቺ ትሄዳለች?» ብሎ ጠየቀ። አባቴ ሆዬ፣ አፉን ቢዘጋ ምን ነበረበት! «ማገዶ ከተገኘ ትሄዳለች» አለ። ኩራት ነው። የሚወደውን ነገር አቅም የለውም ብለው ሲንቁበት ሰው ዝም ማለት አይችልም። ወዲያው መርከቧም እሱም ወታደር ሆኑ።

ስትቀየር አይቻለሁ። ምሳ ይዤለት ሄጄ ወታደሮቹ እነዚያን ወንበሮች በመጥረቢያ ሲነቅሏቸው ደረስኩ። የመጀመሪያው ማገዶዋ የራሷ ወንበር ሆነ። ነጭ የነበረችው ቅጠልያ ተቀባች፤ ቀለሙ ስላልበቃ ግን በአንድ ጎኗ ወታደር፣ በሌላው ጎኗ ሲቪል ሆና ቀረች። አፍንጫዋ ላይ መትረየስ ተተከለ፣ ግራና ቀኟ የአሸዋ ጆንያ ተደረደረ። አባቴ «ክብደቱ በዛባት፣ ታጎነብሳለች» ቢል ማን ይሰማዋል። ቤት ገብቼ ወንበሮቹን ሰበሯቸው ብዬ አለቀስኩ። እናቴ «ሰው እያለቀ አንቺ ለወንበር ታለቅሻለሽ?» ብላ ተቆጣችኝ።

ስትሄድ ጥይትና ጦር፣ ስትመለስ ቁስለኛ። አገልግሎቷ ይኸው ነበር። ያ መትረየስ አንዴ ብቻ ነው የተተኮሰው፤ እሱም ጉማሬ ላይ። ጉም በሸፈነው ጠዋት አንድ ወታደር ከውኃው ብቅ ያለ ጥቁር ነገር አየና የጠላት ጀልባ መስሎት ለቀቀበት። ጉማሬው ተናዶ መርከቧን በግንባሩ መታት። ጎኗ ገባ ብሎ ቀረ። አባቴ ይህን ሲያወራ እንደ ግዳጅ ሪፖርት ነው የሚያቀርበው፤ «ጉዳት፦ አንድ ጎን። በጠላት በኩል፦ አልታወቀም» ይላል። ይህን ባለ ቁጥር እስቃለሁ።

የማያስቀው ማገዶው ነው። ወንበሩ አለቀ፣ ባሕር ዛፉ አለቀ። በመጨረሻ የደሴት ደብር ዛፍ መቆረጥ ጀመረ። መነኮሳቱ ወጥተው ቆመው አለቀሱ፤ የሰማቸው የለም። አባቴ ያንን እንጨት ወደ እሳቱ በጨመረ ቁጥር ያማትብ ነበር። ሰው የደብር ዛፍ እያነደደ በምን ዕድል በሰላም ይገባል ይላል እስከ ዛሬ።

ከዚህ በኋላ የአባቴ ታሪክ ይዘላል። «ከዚያ ያው መንግሥት ተለወጠ። አዲሶቹም ትንሽ ሠሩባት። ኋላ ብረቷን ቆራርጠው ሸጧት፤ ዛሬ የስንቱ ቤት በርና መስኮት ሆናለች» ይልና ያበቃል። ከደብሩ ዛፍ እስከ መንግሥት ለውጥ መሀል ምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። እውነቱን ልናገርና እኔ የምፈልገው ወሬው እንዲያልቅልኝ ነበር።

አምና ኪልበርን ለቅሶ ነበረብን። የእድራችን አባል የሆነች ሴት እናቷ አገር ቤት ሞተውባት ሦስት ቀን ተቀመጥን። የመጨረሻው ቀን ላይ ለቅሶ ቤቱ ያው እንደሚታወቀው ነው፤ ሐዘንተኛዋም ትንሽ ፈገግ ትላለች፣ ካርታ የሚጫወተውም ይጫወታል፣ ወሬውም ይደራል። አባቴ አዲስ ጆሮ አገኘ፤ እኛው ሕንፃ የሚኖሩ፣ ታክሲ የሚነዱ የወሎ ሰው ናቸው፣ ሐጂ እንላቸዋለን። ሐጂ እንደኔ አይደሉም፣ ወሬ ይወዳሉ። «እሺ፣ ከዚያስ?» ባሉት ቁጥር አባቴ እየሞቀው ሄደና «ታዲያ ከጎርጎራ ስንወጣ ከኋላ ተጎታች አስረን…» አለ። ተጎታች የሚባል ነገር ከዚያ ቀን በፊት ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።

ሻይ ታዞር የነበረችው ሴት ትሪውን እንደያዘች ቆመች። ዌምብሊ የምትኖር፣ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት የምትሠራ፣ በዕድሜ ከኔ ከፍ የምትል ሴት ናት። እትዬ ነው የምላት። ባሏ በዚያ ጦርነት ጠፍቶ ቀርቷል። ጥቁር ለብሳ ታይታ አትታወቅም፤ ለሰው ለቅሶ እንኳ ስትመጣ ደማቅ ሻርፕ ጣል አድርጋ ነው። አንዳንዱ ያማታል። የሚያውቃት ግን ለምን እንደሆነ ያውቃል። ሙት ነው ብሎ የነገራት የለም፤ ያልተረዳች ሴት ደግሞ እንዴት ጥቁር ትለብሳለች?

«አባባ» አለችው፣ «እዚያ መርከብ ላይ የሬዲዮ ሠራተኛ ወታደር አያውቁም? ረጅም፣ ቀይ፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው? ከጎርጎራ በመርከብ እመጣለሁ ብሎ ልኮብኝ ነበር።»

አባቴ አያት አያትና «ልጄ፣ ብዙ ሰው ነው የጫንነው። አላስታውስም» አላት። ሐጂ «ከዚያስ?» ቢሉትም ካፖርቱን አንሥቶ «እንሂድ» አለኝ። አባቴ የመርከቧን ወሬ መሀል ላይ ሲያቆም ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ባስ ላይ ጎኑ ተቀምጬ «ዋሸሃት አይደል?» አልኩት።

«ዋሸኋት። ታዲያ በሰው ለቅሶ ላይ፣ ትሪ ተሸክማ እንደቆመች መርዶ ላርዳት?»

ያን ጊዜ ነው የተዘለለውን የነገረኝ። ጎርጎራን ለቀው ሲወጡ መርከቧ ከአፍ እስከ ገደፏ ሞላች። ለተረፈው ሰው ከብት የሚጫንባትን፣ ሞተር የሌላትን ዝርግ ጀልባ በወፍራም ገመድ ከኋላ አሰሩ። ተጎታች የሚላት እሷን ነው። የሬዲዮ ሠራተኛው ወባ ይዞት ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቴ አዘነለትና ቦይለሩ ክፍል አስገብቶ እሳቱ አጠገብ አስቀመጠው። ልጁ ሲሞቀው አንደበቱ ተፈታ፤ ሚስቱ ባሕር ዳር እንዳለች፣ እርጉዝ እንደሆነች፣ ሴት ብትወልድለት እንደሚመርጥ አጫወተው። በዚህ መሀል መኮንኑ መነሣት የማይችሉ ቁስለኞች ወደ ቦይለሩ ክፍል ይውረዱ ብሎ አዘዘ። ቦታ ጠፋ።

«አንተ እንኳ በእግርህ ትቆማለህ፣ ወደ ተጎታቿ እለፍልኝ፣ ባሕር ዳር እንገናኛለን አልኩት» አለ አባቴ። «እሺ አባቴ ብሎኝ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ወጣ። አላንገራገረም። ምነው ባንገራገረ!»

ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ ተነሣ። አባቴ ከታች ነው፣ የሚያየው እሳትና ቁስለኛ ብቻ ነው። ማሽኗ ስታቃስት፣ ስታቃስት ቆየችና ድንገት ቀለል አላት። ነፋሱ የዞረላቸው መስሎት ደስ አለው። ሁለታችንም ከምንሰጥም ብሎ መኮንኑ ገመዱን እንዳስቆረጠው የሰማው ባሕር ዳር ሲደርሱ ነው።

ወዲያው ከተማው በአዲሶቹ እጅ ገባ። መርከቧን ወሰዷት፣ አባቴንም ከነማሽኑ። ለነሱም እሳት አነደደላቸው፣ ምን ያድርግ? በመጀመሪያው ጉዞ ያችን ተጎታች ታንኳ የሚሠራበት ደንገል መሀል ተገልብጣ አገኟት። ዓሣ አጥማጆች አስከሬኖቹን ሰብስበው ዳር ላይ ይቀብሩ ነበር። አባቴ ወርዶ አብሮ ቆፈረ። ልጁን በጠባሳው ለየው።

«በዚህ በእጄ ነው አፈር ያለበስኩት» አለኝ። «ስሙን አልጠየቅሁት። ሚስቱ ማን እንደምትባል አልጠየቅሁት። ባሕር ዳር መንገድ ላይ እርጉዝ ሴት ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር።»

እጁን ያዝኩት። ስንት ዓመት ሙሉ በወሬ ብዛት ሲያደክመኝ የኖረው ሰውዬ ይህን አንዷን ላለማውራት ነበር ለካ ያን ሁሉ የሚያወራው።

በማግስቱ «ስልክ ልደውልላትና ሻይ እንጠጣ ብዬ ልጥራት፣ ቀስ ብለህ ንገራት» አልኩት።

«መርዶ በሻይ? ምነው ልጄ፣ ፈረንጅ ሆንሽ እንዴ?»

እኔ ሳላግባባው እሷ ቀደመችን። በየቅዳሜው ዳቦ ጋግራ ትመጣ ጀመር። አባቴ በሕይወት መኖሩን አየች፣ ከዚያች መርከብ የተረፈ ሰው አለ ማለት ነው፣ እንግዲያስ የሷ ሰው ለምን አይተርፍም? ይኸው ነው ሒሳቧ። «አባባ፣ የትኛው ገዳም ነው ወታደሮቹን ያስጠጋ? ራሱን ስቶ መነኮሳት ጋ ቀርቶ ይሆናል እኮ» ትለዋለች። ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ ሚስቱን ረስቶ ይሆናል ትላለች። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ፈቃድ ወስዳ ደሴቶቹን አንድ በአንድ ልትዞር ቆርጣለች፤ የአውሮፕላን ቲኬቷንም ቡክ አድርጋለች። ፊቷ በርቶ፣ ጸጉሯን ተሠርታ ትመጣለች። አባቴ ዳቦዋን ይቀበልና ስትወጣ ሳይቀምሰው ያስቀምጠዋል። «ሄዳ ደንገል ውስጥ ልትፈልገው ነው» አለኝ አንድ ቀን፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ። «ሳትሄድ እርሟን ማውጣት አለባት።»

ሥርዓቱን እሱ ነው የወሰነው። መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ ነው፣ ሰውዬው ከቤቱ ሳይወጣ፣ እህል ሳይቀምስ። ብቻውን አይነገረውም፤ ሽማግሌ ይዞ፣ የሚደግፈው ሰው ይዞ ነው። እኔ «አባዬ፣ ዌምብሊ እኮ ነው፣ በዚያ ሰዓት ሕንፃ ሙሉ ሰው ቀስቅሰን ፖሊስ ልናስጠራ ነው?» ብዬ ተከራከርኩ። «ፖሊስ ሰው ሞቶበት አያውቅም?» አለኝ። ከእድሩ አንዲት አልቃሽ የሆኑ ትልቅ ሴት ለመነ። ሐጂ በታክሲያቸው ሊያደርሱን ተስማሙ። ለነሱ ሐዘኑን ብቻ ነው የነገራቸው፤ ልጁን ከእሳቱ ማስወጣቱን ግን ለሷ፣ በራሱ አፍ ሊነግራት ነበር። ይህን ሳልነግራት ከሞትኩ አፈሩም አይቀበለኝ አለ። የሚፈልገው ይህን ብቻ ነበር፣ እንድትሰማውና ከፈለገች እንድትረግመው።

ጠዋቱ የለንደን ክፉ ጠዋት ነበር፤ ያ የማያባራ ካፊያ። አባቴ ካፖርቱ ላይ ጋቢውን ደርቦ፣ ሴትዮዋ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሐጂ ኮፍያቸውን አድርገው፣ እኔ በሥራ ልብሴ ሆነን እትዬ የምትኖርበት ሕንፃ በር ላይ ቆምን። ከውስጥ ወደ ሥራ የሚወጣ ወጣት በሩን ከፈተና አየን፤ ምን እንደመሰልነው እንጃ፣ ሳይጠይቀን አሳለፈን። ሊፍቱ ውስጥ አባቴ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የሚናገረውን ይለማመዳል። «እግዜር የሰጠውን ይወስዳል፣ ልጄ…» ሲል ሰማሁት።

ደወልን። እትዬ በሌሊት ልብሷ፣ ጸጉሯን በሻሽ ጠቅልላ ከፈተች። አራታችንን አየች። ጋቢውን አየች፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች፣ ጎሑን በመስኮት አየች። ሐበሻ ናት፤ ይህን ካየች በኋላ የሚነገራት ነገር የለም።

«ልጄን!» ብላ ጮኸች።

መጀመሪያ አልገባንም። ወይ የኛ ነገር! ልጇ ነርስ ናት፣ ያን ሌሊት ሺፍት ላይ ነበረች። አገር ቤት መርዶ በጎሕ የሚመጣው ቤተሰቡ ሁሉ ከጣሪያው ሥር ተኝቶ ስለሚገኝ ነው። እዚህ አገር ግን ስንቱ ልጅ ነው ሌሊቱን ውጭ የሚያድረው። እኔ ራሴ የሌሊት ባስ ስነዳ እንደነሱ ዓይነቶቹን ነው የምጭነው። አራት ሰዎች ሆነን አንዳችንም ይህን አላሰብንም።

እትዬ የሥራ ልብሴን ስታይ ባሰባት። ደረቴን በሁለት እጇ ጨምድዳ «ባስ ነው? ባስ ገጫት? አንቺ ነሽ ያየሽው? ንገሪኝ፣ ልጄ ምን ሆነች?» ትለኛለች። እኔ «ኧረ አይደለም፣ ኧረ እትዬ» እላለሁ፣ አትሰማኝም። በሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ሐጂ ደገፏት። አባቴ የተለማመደው ሁሉ ጠፋበት።

«ባልሽ ነው!» አለ፣ ጮክ ብሎ። «ልጄ፣ ባልሽ ነው የሞተው! ልጅሽ አይደለችም!»

«ባሌ?» አለች። «ልጄ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት፣ ልጅሽ ምንም አልሆነች።»

«ተመስገን!» አለች። ተንበርክካ ደጃፏን ሳመች። «ተመስገን ጌታዬ! ተመስገን! ተመስገን!»

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። ሊያለቅሱ የመጡት ሴትዮ እጃቸው ደረታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። እትዬ ግንባሯን መሬት ላይ እንዳደረገች ቆየችና ቀና አለች። ፊታችንን ተራ በተራ አየች። ያን ጊዜ ገባት። አፏን በእጇ ያዘች።

«ምን አልኩ?» አለች።

ከዚያ በኋላ ከአፏ የወጣው ጩኸት እንዲህ ነበር ብዬ መጻፍ አልችልም። አንዲት ጎረቤት ቢጃማዋን እንደለበሰች ብቅ አለችና ሁኔታችንን አይታ በሯን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

አስገብተን ሶፋው ላይ ልናስቀምጣት ብንል እምቢ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አባቴ ጎንበስ ብሎ፣ ጉልበቱ እያመመው፣ እሷ አጠገብ መሬት ተቀመጠ። የመጣበትን ነገራት። ወባውን፣ እሳቱን፣ ስለሷ ያጫወተውን፣ ሴት ልጅ መመኘቱን፣ ደንገሉን፣ መቃብሩን። በመጨረሻም «ከሙቀቱ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። እለፍልኝ ብዬው ነው የሄደው። ይህን ነው ልነግርሽ የመጣሁት። እርገሚኝ፣ መብትሽ ነው» አላት።

ፊቷን አላዞረችበትም። የሰማችው ግን አልመሰለኝም። የጋቢውን ጫፍ ይዛ እንባዋን ጠረገችበት።

«አባባ፣ እርስዎ ምን አጠፉ» አለችው። «እርስዎ እሳት አጠገብ አስቀምጠውታል፣ አፈር አልብሰውታል። ሠላሳ ምናምን ዓመት ስጠብቀው ኖሬ፣ ወሬው ደጄ ሲመጣ ተመስገን ብዬ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። እኔን ማን ይርገመኝ?»

«ለልጅሽ ነው ያልሽው» አላት አባቴ። «እሱም ቢኖር ያንኑ ይል ነበር።»

«እሱ አልሰማም ያንን። እሱ የሰማው ተመስገን ማለቴን ነው» አለች፤ ደረቷን መምታት ጀመረች። ሴትዮዋ እጇን ያዟት። አባቴ ይቅርታ ለመለመን መጥቶ አሁን እሱ አጽናኝ ሆነ፤ የያዘውን ግን የሚቀበለው አላገኘም። ከጎኗ ተቀምጦ እጁን የት እንደሚያደርገው አላወቀም። በሕይወቴ እንዲህ የሚያሳዝን ሰው አላየሁም። ሐጂ ጥግ ላይ ቆመው በሹክሹክታ ቁርአን ይቀሩ ነበር። እኔ ሥራ ቦታ ደውዬ ዛሬ አልመጣም አልኩ።

ነግቶ ብዙም ሳይቆይ የበሩ ቁልፍ ተንቀሳቀሰ። ልጅቷ ገባች፤ ካፖርቷ ርሷል፣ የሙዚቃ ገመድ ጆሮዋ ላይ ነው። ወለሉ ላይ የተቀመጠችውን እናቷን፣ እኛን፣ ጋቢውን አየችና ገመዱን ነቀለችው።

«ማሚ? ዋት ሃፕንድ?»

እናቷ ክንዷን ዘርግታ ወደ ራሷ ሳበቻት። እግሯን፣ እጇን፣ ፊቷን ዳበሰቻት፤ ሙሉ መሆኗን የምታረጋግጥ ይመስል ነበር። ከዚያ «አባትሽ ሞተ» አለቻት።

ልጅቷ ግራ ተጋብታ አየችን። አይታው የማታውቀው ሰው ነው። ድምፁን አታውቀውም፤ ያላት አንድ ፎቶ ብቻ ነው።

«መቼ?» አለች።

«ዛሬ» አለች እናቷ። «አሁን ጠዋት።»